እንግዶ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከጮቄ እግር ሥር፣
ወፍጮ ሲጮኽብኝ፣ እኔም ስጮኽ ስኖር፣
ጆሮዬ ደነዘ፣ ቅንድቤም ነጣ፤
ሰው «ደህና አደርህ?» ቢለኝ፣ ከንፈሩን አይቼ፣
«ወረፋ ያዝ!» ብዬ በባዶ የምቆጣ።

ስሜን አንሙት ያለች፣ ሦስት ቀብራ እናቴ።
እኔ ግን ጤና ጣቢያ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ፣
ክንዴን በጨርቅ ጠምጥማ ሲስተር ዘመናይ፣
ነፋችው፣ ለቀቀችው፤ መርፌው ቀረ ላይ።
«በስም ብቻ ነው እንዴ አንሙት የምትባል?
ደምህ ከጮቄ ጋር ቁመት ይለካካል።»

ክኒን ሰጠችኝ። ጨው ቀንስ አለችኝ።
ደግሞ «ምን ትበላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።
ምን እላለሁ? ፓስታ። ነጭ ዳቦ፣ ሻይ በስኳር።
የአገሩን ገብስ ፈጭቼ፣ ራቴን ከሱቅ ስበደር።
«ገብስ፣ እንግዶ ብላ፣ ዱቄቱ ሳይነፋ።
ጠዋት ደግሞ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣
ተቀመጥ ዝም ብለህ፤ ትንፋሽህን ቁጠር።
ሃያ ይበቃሃል። ከጠፋህ፣ ከአንድ ጀምር።»

ሳቅሁ። እንግዶማ የቸገረው እህል፣
ከገብስ ማሳ መሐል ሳይጠራ የሚበቅል።
ዝም ብሎ መቀመጥም፣ ወይ የመነኩሴ፣
ወይ የሥራ ፈት ነው፣ አልሁ ለራሴ።

እስከ ሰኔ ድረስ ነገሩን ረሳሁት።
ክኒኑንም ቢሆን፣ ሁለት ቀን ዘልዬ በሦስተኛው ዋጥሁት።

አንድ ሮብ፣ ገበያ፣ ወረፋው እስከ በር፣
ጆንያ በጆንያ ላይ ሲደረደር፣
ወፍጮው አጓርቶ አጓርቶ፣ እንደ ታነቀ ሰው፣
እህህ ብሎ ቆመ። መብራቱን ወሰደው።

ሴቶቹ ዝም አሉ። እኔም ቃል አጠረኝ።
በሃያ ሁለት ዓመት ቤቴ ዝም ሲለኝ፣
ፈራሁ። እውነቴን ነው። ጉልበቴም ከዳኝ።
ካገኘሁት ጆንያ ላይ ቁጭ አልሁ።
ዱቄት በቀዳዳ ጨረር ሳይቸኩል ሲወርድ አየሁ።
ከጓሮ ውኃ ሰማሁ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሲያወራ፤
«ይሄ ምንጭ መቼ መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ በተራ።
«አንተ ሳትመጣ በፊት ነው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ውዴ።
ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ባባ ሆዴ።

ከዚያ፣ አንድ፣ አለ ደረቴ።
ሁለት።
ሰባት ላይ የዕቁብ ዕዳ ገባ፤ ጠፋብኝ።
ከአንድ ጀመርሁ።
አሥራ አንድ ላይ ልጄ፣ ባሕር ዳር ያለው፣
ከጥምቀት ወዲህ ስልክ ያላነሳልኝ።
ከአንድ ጀመርሁ።

እጄ፣ ሳላዘው፣ ጆንያው አፍ ገብቶ፣
አንዲት ፍሬ ይዟል፣ በጣቶቹ አሽቶ፤
ረዘም፣ ቀጠን ያለች፣ ጀርባዋ ተሰንጥቆ፣
ዳር ዳሯ ፀጉራም፣ እንደ ሕፃን ጆሮ።
እንግዶ ነበረች።
ስንቱን ኩንታል ፈጨሁ፤
አንዷን ግን አላየሁ።

«ከተቀመጥህበት አንድ ጣሳ ውሰድ፣
ቆላ አድርገህ ፍጨው፣ ጠዋት አጥሚት ይወጣዋል»
አሉኝ እትዬ ውዴ። «ስኳር ግን እንዳትነካው፤
ለምላስህ ሲከፋ፣ ለደምህ ይጥመዋል።»

አሁን ደሜ ወርዷል? ወርዷል፣ በመጠኑ፤
ከውርጭ ወደ ደጋ። ወይና ደጋ ገና።
ሲስተር ዘመናይም «ክኒኑን እንዳትተው» ትለኛለች ደጋግማ፣
እኔም አልተውሁትም፣ ከአጥሚቱ ጋር ይገባል።
ሁልጊዜ አይሳካም። ፓስታም ይናፍቀኛል።
የማልቀመጥበት፣ የምቆጣበት ጠዋት አለ።

ግን ወፍጮው ሳይነሳ፣ በሩ ገርበብ ሲል፣
ያው ጆንያ ላይ ነኝ፣ እጄ እህሉ መሐል።
ትንፋሽም እንግዳ ነው፣ ሳይጠራ የሚገባ፣
ማዕድ ሳይቆረስለት ስንት ዘመን የወጣ።

«አንሙት! ምን ሆንህ? መብራት አለ እኮ!»
ይጣራሉ ከውጪ፤ አህያው ያናፋል።
እጄ ማብሪያው ላይ ነው።
ቆዩ።
አሥራ ስምንት።