ሻይና ሙቅ ውሃ

ጠባሴ ተከፍቷል ባለ መስታወት ቤት፣
ከመጋረጃው ወዲህ ሻይ የሚቀዳበት፣
ከመጋረጃው ወዲያ ጸጉር የሚሠራበት።
ዋጋውን አየሁት፤ ባንዱ ብርጭቆ ሻይ
ግማሽ ኪሎ ስኳር ይገዛ የለም ወይ?
እታፈራሁ ናት በግድ ያስገባችኝ፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ያስያዘችኝ፤
«ዓመቱ ሞልቶ የለ፣ ይብቃሽ ማቁ» አለችኝ።

ሻዩ አበባ አለው፣ የማላውቀው ሽታ፤
እጄን ሞቅሁበት፣ ሳልቀምስ ላንድ አፍታ።
ውጭው ጉም በጉም ነው፤ የጋሪ ፈረሱ
አይታይም፣ ይሰማል ብቻ ማስነጠሱ።

ልጅቱ ሻሼን ፈትታ «ምን ዓይነት ልሥራ...» ብላ
ዝም አለች በመሃል፤
ለልጄ የላጨሁት፣ ጣት የማይጨብጠው፣
ምን ዓይነት ይሠራል?
ወንበሩን አዘንብላ ሙቅ ውሃ ለቀቀች፣
ጭንቅላቴን እንደ ሕፃን በመዳፏ ያዘች።
ከቀብር ወዲህ ሰው የነካኝ ያኔ ነው።
«ሳሙናው ነው» አልኳት፣ ዓይኔን ስታየው።

ስንወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ እጄን ያዘች፦
«የሻዩን ብቻ ነው። የጸጉሩን... ሲያድግ» አለች።

እታፈራሁ ግን እስከ ጋሪው ድረስ
ስለ ስኳር ዋጋ አላቆመች ማልቀስ።