ላልቶ፣ ጠብቆ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍት ይገባበታል ከተባለው ባዶ ጉድጓድ አጠገብ፣
በሻማ የሰው ልብ ወለድ አርማለሁ።
መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆኖታል፤
የግድግዳው ሰዓት የሚሠራው በባትሪ ነው፣
ያልሰማ ይመስል ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ደራሲው ልጅ ነው፤ ልዑልሰገድ ይባላል።
ማተሚያ ቤት መጥቶ፣ እርጥብ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣
«እትዬ፣ ነጠላ ሰረዞቹን እንዳይነኩብኝ፣ አደራ» ብሎኝ ሄደ።
ሦስት መቶ ገጽ ነው።
በሦስት መቶ ገጽ አንድ ሰው ከታክሲ ይወርዳል፣
አስፋልት ይሻገራል፣ በር ያንኳኳል።
አለቀ።
የቀረው ሁሉ በእግርና በእግር መካከል ያለው ነው፦
ቀኝ እግሩ መሬት ሳይነካ
እናቱ ሞታ፣ ተቀብራ፣ ተዝካሯ ወጥቶ፤
ግራው ሲነሣ ደግሞ ገና አምስት ዓመቱ፣
ጭኗ ላይ አስቀምጣው ጥፍሩን ስትቆርጥለት።

ተናደድሁ።
በቀይ እስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ «ጊዜው ተምታቷል» ብዬ ጻፍሁ፣
ገጽ አሥራ ሁለት። ገጽ አርባም።
«ይኼ መቼ ነው? ትናንት ወይስ ዛሬ?»
ሃያ ስምንት ዓመት ያረምሁት ታሪክ ሁሉ
እንደ ቀበሌ ስብሰባ በአጀንዳ የሚሄድ ነበር።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ።
ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ፣
ከፊቴ ስልሳ ሰው፣ ከእግሬ ሥር ጭቃ፣
ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ይነፋል፣ ታክሲ የለም፣
ሽንኩርት አልገዛሁም፣
የባንኩ ክፍያ ቀኑ ስንት ነው፣
ይህቺ ሴትዮ ጫማዋ የእኔን ይመስላል፣ የእኔ የቱ ዓመት ነው ያለቀው፣
ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ልማዱ፣
ከሞተ እኮ አሥራ አንድ ዓመቱ፣
ያን ቅዳሜ ለምን «ዛሬ ቅር» አላልሁትም፣
ሽንኩርት፣
አፌ ላይ ደርሶ፣ አላልሁትም፣
«እናት፣ ራመድ ይበሉ እንጂ!»

ሰልፉ ሁለት ሰው ቀንሶ ነበር።
እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሄጄ መጥቻለሁ።

ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ
ቀዩን ላጠፋ ሞከርሁ፤ ቀይ አይጠፋም።
ሰረዝሁት፤ ከሥሩም፣ እንደ ሙያችን ደንብ፣
«ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ።
ገጽ አሥራ ሁለት፣ ይቆይ። ገጽ አርባ፣ ይቆይ።

ማታ ስመለስ ኦቦ ጉደታ መኪና ማቆሚያው ዳር
ካፖርታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።
«እንዴት አመሸሽ?» «እንዴት ዋሉ?»
ስንውል፣ ስናመሽ፣ ስናድር፣ ስንከርም
ጊዜን በሰላምታ እየሸነሸንን የምንካፈል ሰዎች ነን።
የሚጠብቁት የሰው ቪትዝ ነው፤
«ያ ነጩ» ይሉኛል ግን፣ «አውድማው ላይ ቆሟል።
ምስሩ እዚህ ነው፣ ጓያው ከዚያ ወዲያ፣
ቦዩ በእናንተ ደረጃ ሥር ያልፋል።»
ነው ይላሉ። ነበር አይሉም።
ሃያ ስምንት ዓመት ሳርም የኖርሁት ሴትዮ
አፌን ያዝሁ።

አሁን ገጽ ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ነኝ።
ሰውየው ደረሰ፣ በሩን አንኳኳ።
«እናቴ አለች» ይላል፤ አራት ነጥብ፤ ከዚያ ባዶ።
ላልቶ ነው? ታዲያ ምን አለች? ቃሏ የት ገባ?
ወይስ ጠብቆ፣ ከበሩ ወዲያ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ አለች?
ፊደላችን ለሚላላና ለሚጠብቅ ምልክት አላበጀም።
ስንት ዓመት በዚህ አማርሬያለሁ!
ዛሬ እስክሪብቶዬን ከድኜ
ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁለቱንም አነበብሁት፣
አንዴ በእሱ እናት፣
አንዴ በእኔ ሰው፣
አለ፣ አለ፣
የትኛው የትኛው እንደሆነ እስኪጠፋኝ።

መብራት መጣ። ፍሪጁ አጓራ።
ሻማውን እፍ ብዬ ራት ልሠራ ተነሣሁ፣
ሽንኩርት የለም።