ከኤስ በፊት፣ ከኤስ በኋላ

በግሪምዝቢ ወደብ፣ ዓሣ ከሚራገፍበት፣
ጨው ያዘለ ነፋስ ግድግዳ ከሚልስበት፣
ዊልፍሬድ ኦግልቶርፕ መሮውን ይሞርዳል፤
ለሞተ ሰው ሁሉ ስም ከድንጋይ ይወልዳል።
አርባ ዓመት በዚሁ። ጉልበቱ ቢዝልም፣
አንዲት ነገር ብቻ መታገሥ አይችልም፦
ያለ ቦታዋ የገባች ጭረት፣
ወይም ከቦታዋ የቀረች ጭረት።

አፖስትሮፊ ይሏታል።
ነቁጥ ናት፣ ጭራ ያበቀለች፣
ከፊደል ትከሻ እንደ ትንኝ ያረፈች።
«የማን ነው?» ላለ ሰው ባለቤት ትጠቁማለች፤
ፊደል ለወደቀበት መቃብር ትሆናለች።

አንዴ ዓሣ ሻጩ፣ ዴሪክ ሞክሰን፣
«ኪፐርስ» ብሎ በጠመኔ ጻፈና
ከኤሷ በፊት ጭረት ጣል አደረገ፣ ለውበት።
ዊልፍሬድ አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ ጠረጋት።
«ዓሣዬ አልገማ፣ ሚዛኔ አልሳተ፤
ያንተን ጣት እዚህ ምን ጎተተ?»
«ኪፐሩ ምን አለው? ቤት ሠራ? መሬት ገዛ?
ብዛቱን ኤስ ነግራን፣ ጭረት ምን ልታበዛ?»
ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

በየካቲት ውርጭ ሚውሪየል ስካፍ መጣች።
ከቦርሳዋ የታጠፈ ደረሰኝ አወጣች፤
በጀርባው የእናቷ፣ የሄስተር የእጅ ጽሑፍ፦
«ሴይለርስ ፍሬንድ በሉኝ። ሌላ ቃል አይጻፍ።»
የመርከበኛ ወዳጅ።

ሄስተር ከወደቡ ጀርባ የእንግዳ ቤት ነበራት፣
ዘጠኝ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ የማይዘጋ በር ያላት።
ኖርዌዩ፣ አይስላንዱ፣ ከሃል የመጣው ጎረምሳ፣
በሯ ላይ ቦቲውን ያወልቃል፣ ሾርባ ጠጥቶ ሊነሣ።

ዊልፍሬድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«ጭረቷስ የት ትግባ?» አለ።
«የቷ ጭረት?»
«ከኤስ በፊት ካኖርኳት መርከበኛው አንድ ነው፤
ከኤስ በኋላ ከሆነች ግን ወደቡ በሙሉ ነው።
ሲጠሩት ያው አንድ ድምፅ፣ ጆሮ አይለየውም፤
ድንጋይ ግን ዓይን አለው፣ እኔ አልዋሽበትም።»

ሚውሪየል ዝም አለች።
በልደት ወረቀቷ፣ «አባት» በሚለው ፊት፣
አግድም መስመር ብቻ ነው ያለው፣
በመንግሥት ቀለም የተሰመረ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የቆየ።

(እኛም እናውቀዋለን ይህን፣ በሌላ ጎኑ።
«አለ» ብለን ስንጽፍ ሰውዬው ተናገረ?
ወይስ ዛሬም በሕይወት ኖረ?
ጥብቀቱ ከምላስ እንጂ ከብዕር አይገኝ፤
ለጆሮ የሰጠነውን ከዓይን እንነፍጋለን።
እነሱ ለዓይን ሰጥተው ጆሮን ይሸነግላሉ።
እንጃ፣ ቋንቋ ሁሉ ሳይኖረው አይቀርም
እጅ የማይገባበት አንድ ኪስ።)

ሦስት ሌሊት የብስኩት ቆርቆሮ ስትበረብር አደረች።
ፖስታ ካርድ፣ ፖስታ ካርድ፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ቴምብር፤
ሁሉም «ውድ ሄስ» ይላል፣ ሁሉም ስለ አየር ጠባይ።
አንዱ ብቻ ፊርማ የለውም።
ከትሮምሶ ነው። ሥዕሉ ባዶ ጀልባ።
ባዶ ጀልባ ምን ይመሰክራል?

በአራተኛው ቀን ኮቷን ሳታወልቅ፦
«ብዙ ናቸው በል» አለችው።
«ለእኔ ያልነገረችኝን
ለመንገደኛ አልነግርም።»

በሰባት ምት ወጣች፣ ከኤስ በኋላ፣ ጭራዋ ወደ ግራ።
ዊልፍሬድ ትቢያውን እፍ አለና ሂሳብ አወራ፦
«የማስከፍለው በፊደል ነው፤
ጭረት በነፃ ናት።»

ዓመታት አለፉ። መሮው ዝጎ፣ ጆሮው ደንቁሮ፣
ሥራውን ሊጎበኝ በምርኩዝ ሄደ።
ሄስተር ጋ ሲደርስ ቆመ።
ከኤስ በፊት፣ እሱ ባልነካው ልሙጥ ላይ፣
ቢጫ የድንጋይ ሽበት በቅሏል፤
የምስር ፍሬ የምታክል፣
ጭራ ያላት።

ሰንጢውን አወጣ። ከፈተው።
ነፋሱ ከባሕር በኩል ነበር።
ቆየ።
መልሶ አጠፈው።