አንድ ስንዝር

ቁልፉን ገና አትንኪ፣ ጦይባ፤ አስቀድመሽ ዙሪያውን ዙሪ፣
ሰንሰለቱን በዓይንሽ ቁጠሪ፣ ጎማውን በእግርሽ ሞክሪ።
ከሥሩ ጥቁር ጠብታ ካየሽ፣ “ትናንትም ነበር” አትበይ፤
ማሽን የሌሊት ሕመሙን ጽፎ ያድራል መሬት ላይ፣
እንደ ሰው አያቃስትም፣ አይልሽም “ወይ! ወይ!”

ከሚሌ በኩል የመጣው ተሳቢ በሩ ላይ ተሰልፎ፣
የባቲ አቧራ እንደ ዱቄት በሸራው እጥፋት አርፎ፣
የኮምቦልቻ ፀሐይ ሳይበረታ “ቶሎ በሉ!” እያለ
ሾፌሩ ይጮኻል። አንቺ ፍሬንሽን ርገጪ። መያዙን እዪ። ጊዜ አለ።

አራት ጎማ አለው ይሉሻል፤ እኔ ሦስት ነው እላለሁ፤
ሁለት ከፊት፣ አንድ ከኋላ ከወገቡ መሐል። አውቀዋለሁ።
ሦስት ጉልቻ ነው፣ በቃ፤ ድስቱ የተጣደበት።
ክብደቱ ከሦስቱ መሐል ከወጣ፣ ይደፋል በዚያው ቅጽበት።
የሚደፋው ደግሞ ወጥ አይደለም።

መሪው ከኋላ ነው፤ ስትዞሪ ጅራቱ ይገርፋል፤
ፊቱ ያለፈ መስሎሽ ሳለ ኋላው ምሰሶ ይገፋል።
ሹካው እስከ ጥግ ይግባ፤ ጥቂት ወደ ራስሽ አዘንብዪ።
“ከፍታው ስንት ይሁን?” ካልሽኝ፣ አንድ ስንዝር። እጅሽን ዘርጊ፤
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ። ከዚያ በላይ አትፈልጊ።

ከመጋዘን ሦስት መውረጃ፣ ጭነት ይዘሽ ስትደርሺ፣
ወደ ኋላ ነው የሚወረደው፤ ሽቅቡን ለጭነቱ ተዪ።
ከደሴ ሐረጎን የወረደ ሾፌር ይህን ሳይነግሩት ያውቃል፤
ቁልቁለት ያየ ክብደት ከጌታው እጅ ይላቀቃል።

ሪች ስታከሩ ሌላ ነው፤ ኮንቴይነር አንገቱን ዘርግቶ ያነሣል፣
ክንዱን ባስረዘመ ቁጥር ጉልበቱ እየጫጨ ያንሳል።
እሱን አበጋዝ ያስተምርሽ፤ ክሬኑንም የሚያውቀው እሱ ነው፤
በተንጠለጠለ ዕቃ ሥር ስልክ ያናገረን ሰው በጥፊ ያለው።
የእጅ ፓሌቱን ግን ንቀሽ አትለፊው።
የእግሬን አውራ ጣት የበላው እሱ ነው፣ ትንሹ።

በሩ ላይ መዝገብ ይዞ የሚቀመጠውን ይመርን ታውቂዋለሽ፤
ጠዋት ጠዋት “ጡሩንባው ይሠራል?” ሲለኝ ሰምተሽ ስቀሻል።
አትሳቂ።

ስድስት ዓመት ሆነው። የመጋዘን ሦስት አምፖል ጠፍቶ፣
መሰላል ሊያመጣ የሄደው ሰው በዚያው ምሳ ቤት ገብቶ፣
አለቃችን፣ “ሁለት ደቂቃ ነው፤ በሹካው ብድግ አድርገው” አለ።
አደረግሁት።
ይመር ባዶ ፓሌት ላይ ቆመ፤
በአንድ እጁ ሰንሰለቱን፣ በአንድ እጁ አምፖሉን ይዞ፤
ቆርቆሮው ሥር ሲደርስ “ከዚህ ጦሳ ይታያል!” ብሎ ቀለደ።
ማንሻውን አልነካካሁም። ይህን እምላለሁ።
ከፓሌቱ አንዱ ሳንቃ በስብሶ ነበር። ይህን አላየሁም።
ድምፁን አልነግርሽም።

“አንተ ነህ” ብሎኝ አያውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ።
ጡሩንባውን ብቻ ይጠይቀኛል፤
አንዴ አስጮኽለታለሁ፤
እጁን ያነሣል፤ በሩ ይከፈታል።

ትናንት ማታ ያው አምፖል ደግሞ ጠፋ። አዲሱ አለቃ መጣ፤
“ሁለት ደቂቃ ነው” አለ። ያው ቃል በሌላ አንደበት ወጣ።
ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። “ቅርጫት ያለው ማንሻ ይምጣ” አልሁ።
“ከየት?” አለኝ። “ከየትም።” ሌላ ቃል አልጨመርሁ።
ደመወዜን ይቆርጠው ይሆናል። ገና አላወቅሁም።

ለዚህ ነው፣ ጦይባ፣ ያ ጥግ ዛሬ የጨለመብሽ።
ቀስ ብለሽ ሂጂ። መብራትሽን አብሪ።
መታጠፊያው ላይ ማንም ባይኖር እንኳ አስጮኺ፤
በሩ ላይ የሚሰማ አለ።

በዪ አሁን ቁልፉን ውሰጂ።
አንሺ።
አንድ ስንዝር።