ክንድ ሲቀረው

ሁለት ሰዓት ነበር ወደ ዘጌ ጀልባ፤
ስነቃ አራት ሆኗል፤ ጨረር ዓይኔ ገባ።
ልናደድ አሰብኩና፣ ነጠላ ጫማዬን
ስፈልግ ረሳሁት፣ ያንን መናደዴን።

ማንጎዬ በማንኪያ፣ ሐይቁ ለእኔ ብቻ፤
ፔሊካን ያዛጋል፣ አፉ እንደ ስልቻ።
አንሙት የቀረሶ ቅርፊት እየፋቀ፣
«ወዴት ነህ ዛሬስ?» ቢለኝ፣
«እንጃ» አልኩት። ሳቀ።
«እንጃ ደግ አገር ነው፤ ስንቅም አያስቋጥር፤
እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ትዳር ሳልጀምር።»

ማታ ጀልባው መጣ፣ ፀሐይ የለበለበው
ጎብኚ ጭኖ። «አንተስ፣ ምን አየህ?» አለኝ አንድ ሰው።

ምን ልበለው?
የዘንባባው ጥላ ከወንበሬ ሸሸ፤
ሲሳብ፣ ሲሳብ ውሎ፣
ሐይቁ ጋ ሊደርስ ሲል፣ ክንድ ሲቀረው፣ መሸ።