ከፍሬሙ ውጪ ያለች ጣት

የኔ ሥራ መጠቆም ነው፤
ዐይን መሆን፣ ለከፈለ ሰው።

ከቢቱንግ ወደብ ማዶ፣ ከለምበ ወሽመጥ ሥር፣
አሸዋው እንደ ከሰል በጠቆረበት ባሕር፣
ሃያ ስምንት ሜትር ወረድን። እኔ ከፊት፣
ወይዘሮ ዶርተ ከኋላ፣
ባለሁለት ክንድ መብራት ካሜራዋን እንደ ልጅ አዝላ።
አርባ ዓመት ጥርስ ነቅላ ጡረታ የወጣች፣
«አፍ ከማየት ባሕር ይሻላል» ብላ ከዴንማርክ የመጣች።

ጠዋት ጀልባው ላይ የትንሿን ጣቷን ጥፍር አሳየችኝ፤
«ከዚህ የሚያንስ የባሕር ፈረስ አለ አሉ፤ እሱን» አለችኝ።

አለ።
ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ቢበልጥ ነው ቁመቱ፤
ማራገቢያ የምንለው ኮራል ነው ቤቱ።
ኮራሉ ሮዝ ከሆነ፣ ሮዝ፤
እንቡጥ ካወጣም፣ እሱም እንቡጥ።
እናቴ ቢቱንግ ገበያ የተጨሰ ዓሣ ትሸጣለች፤
«እሱን ለማየት ይከፈላል? ስንት ኪሎ ነው?» ብላ
እስከ ዛሬ ትስቃለች።

አገኘሁት። ቀጭኗን ብረቴን አሸዋው ላይ ተክዬ፣
ትንፋሼን ቆጥቤ፣ በጣቴ «እዚህ ጋ» አልኳት፣ ዝቅ ብዬ።

መብራቱ ሲበራ ጀርባውን ሰጠን።
በግራ ዞርን፤ በቀኝ ዞረ።
በቀኝ መጣን፤
እንደ አኮረፈ ዘመድ ግድግዳውን እያየ ቀረ።

ያኔ ዶርተ ወደ ብረቴ ጠቆመች፤
ሁለት ጣቷን አሽከርክራ «አዙርልኝ» አለች።
ውኃ ውስጥ ልመናና ትእዛዝ ምልክታቸው አንድ ነው።

አዙሬ አውቃለሁ።
አምስት ዓመት ሆነው። ለመቶ ሺህ ሩፒያ፣
በዚህችው ብረት ጫፍ፣ ቀስ ብዬ፣ ገጽ እንደሚገልጥ ሰው።
እንግዳው ሠላሳ ጊዜ ብልጭ አደረገ፤ ፊቱን አገኘ፤ ሄደ።
በማግሥቱ ስወርድ ኮራሉ ባዶ ነበር።
ያ ገንዘብ ምን እንደገዛልኝ ለማስታወስ እሞክራለሁ፤
የሞተር ዘይት ይመስለኛል።

ራሴን ነቀነቅሁ።
አረፋዋ በዛ። ተቆጥታለች።
የአየር መለኪያዋን አየሁ፤ ሰባ።
ፊት ለነሳት ፍጡር ያላትን አነሳች፤
ጀርባ።

ጀልባው ላይ፣ በፎጣ ተጠቅልላ፣ ስክሪኑን ወደኔ መለሰች።
እሾሃማ ትንሽ ጀርባ። ጠርዙ ላይ ደግሞ
ብዥ ያለች የኔ ጣት።
«ይቺን እቆርጣታለሁ» አለች ሳቅ ብላ፣
ሳታሳምም ስትነቅል የኖረችበትን ፈገግታ ተላብሳ።

በማግሥቱ እንግዳ አልነበረኝም።
ያለ መብራት ወረድሁ፣ ከኮራሉ ራቅ ብዬ ቆየሁ።
በራሱ ጊዜ ዞረ፤
ሆዱ ተነፍቶ አየሁ።
በነሱ ዘንድ የሚያረግዘው ወንዱ ነው።
የምቀርጽበት አልያዝሁም። ብይዝስ?

ከወራት በኋላ አንድ እንግዳ መጽሔት ይዞ መጣ፤
ጀርባው ሙሉ ገጽ ሆኖ፣ ተሸልሞ ወጣ።
ከሥሩ የሷ ስም አለ፤ የካሜራዋም ስም፤
የሌንሱ ቁጥር ሳይቀር።
ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁ።
ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽም።
ፎቶውን ስታነሳ
ስሜን አላነሳችም፤
እኔም እሱን
ከቤቱ
አላነሳሁትም።