አሥራ ሰባት

ሥራዬ መስበር ነው።
ከለገሃር ጀርባ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች ቤተ ሙከራ፣
ሃያ ስምንት ቀን ውኃ ውስጥ ያደረ ኪዩብ እያነሣሁ በተራ፣
ከማሽኑ የብረት ጥርስ መሀል አስቀምጬ እጫነዋለሁ፤
እስኪሰነጠቅ፣ እስኪጮህ ድረስ መርፌዋን አያለሁ።
ሲጮህ ቁጥሩን እጽፋለሁ።
እንጀራዬ ይኸው ነው፤
ድንጋይ ተጨንቆ የተናገረውን በወረቀት ማስፈር ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት የካዛንቺሱ ፎቅ ናሙና መጣ፤ የሰባተኛው ወለል ምሰሶ።
ሃያ አምስት ይሸከማል የተባለው፣ በአሥራ ሰባት ረገፈ ፈርሶ።
ደገምሁት። አሥራ ሰባት።
ሦስተኛው አሥራ ስድስት ተኩል ላይ ፍርክስክስ አለ እንደ ብስኩት።

አቶ ልሳነወርቅ የመጣው ሲመሽ ነው፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፤
ሳቁ ከእሱ ቀድሞ ገብቶ ወንበሬ ላይ አረፈ።
ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጄ ስለ ሐመልማል የትምህርት ቤት ክፍያ
(ማን ነገረው?)፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ገበያ።
«ወንድሜ፣ ሲሚንቶ እኮ ውሎ አድሮ ይጠነክራል፤
አንተ ሃያ አምስት በል፣ የጎደለውን ፈጣሪ ይጨምራል።»
ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቶ፣ በራሱ እጅ ገፍቶ ዘጋው፤
«አልነካሁትም»፤ ይህን ነበር ልቤ እንደ ጽድቅ የሚቆጥረው።

ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሳቢያው ዝም ብሏል።
ዝምታው ግን ሒሳብ ያውቃል፦
የሦስት ወር ኪራይ፣ የልጅ ጫማ፣ የትርንጎ መነጽር፣
ተርፎም ለሰንበቴ፣ ለማኅበር።
አዎ፣ እስከዚያ ሄድሁ፤ ከጉቦው ላይ አሥራት ቆርጬ፣
እግዜርን ልሸነግል ነበር ከሌባ ማዕድ አስቀምጬ።

ጸለይሁ ልበል? አልጸለይሁም። «ወደ ፈተና አታግባን» ለማለት አፌን ስከፍት፣
ፈተናው እኮ ገብቷል፤ እኔ ነኝ ከእሱ ጋር ተዘግቼ የቀረሁት።
ልጅ ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር የዮሴፍን ነገር ሲነግሩን፣
«ልብሱን ጥሎ ሮጠ እንጂ አልተከራከረም፤ ጽድቅ አንዳንዴ እግር ናት» ይሉን።

ተነሣሁ።
መዝገቡ ላይ በማይለቅ ቀለም፣
አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍሁ፣ በአኃዝም በፊደልም።
እጄን አላመንሁትም፣ ልቤንም አላመንሁት፤
መሳቢያውን ቆልፌ ቁልፉን ለጥበቃዋ ለአስናቀች ሰጠኋት።
«እስከ ጠዋት እንዳትሰጪኝ» አልኋት፤ «ብለምንሽም፣ ባለቅስም።»
«ጠጥተሃል?» አለችኝ። «ገና ነኝ» አልኋት። አልሳቀችም።

በስታዲየም በኩል ወጣሁ። የታክሲው ሰልፍ እንደ ሕማማት ስግደት አያልቅም፤
እግሬ ወደ መሳቢያው ሦስት ጊዜ ዞሯል፣ አልዋሽም።
ቅዱስ እስጢፋኖስ ደጃፍ ደረስሁ። በሩ ተዘግቷል፤ ቅጥሩን ተሳለምሁ።
ያን ጊዜ ነው ቃል የመጣልኝ፤ ቆንጆ አልነበረም፤ እየተንቀጠቀጥሁ፦
«ጌታዬ፣ እኔም ኪዩብ ነኝ፤ ስንት ላይ እንደምፈርስ ታውቃለህ፤
ካቅሜ በላይ አታስጭነኝ፤ መርፌዬን ያዛት በእጅህ።»

በድንጋይ የሞተው ሰማዕት ስለ ድንጋይ የለመንሁትን ሰምቶ እንደሆን፣
አላውቅም። ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ወጣሁ፤ አየሁ ፎቁን፣ ክሬኑን፣
ከሥሩም በላስቲክ ተከልሎ ካልሲ የሚሸጥ ልጅ፤
የሚፈራ ዝናቡን ነው እንጅ፣
አናቱ ላይ ያለውን ቁጥር መች ያውቃል?

ጠዋት ቁልፌን ተቀበልሁ፤ ፖስታውን ሳልቆጥር በሦስት ሰው ፊት አስረከብሁ።
ሜዳልያ አልመጣም። አለቃዬ ለሳምንት ሰላምታ ነሳኝ፤ ቻልሁ።
ሐመልማል በተሰፋ ጫማ ተመላለሰች፤
ትርንጎም ዳዊቷን ካይኗ አርቃ ታነባለች።
ምሰሶው ይፍረስ፣ ይጠገን፣ ወሬው ገና አልደረሰኝም።
ከስባሪው አንዱ ጉማጅ መዝገቤ ላይ ተቀምጧል፣ ነፋስ አይገልጠውም።

ዳንሁ፣ አበቃ፣ አልልም።
ወር ሲደርስ፣ አከራይዋ በር ስትቆረቁር፣
ደረቴ ውስጥ ያለችው መርፌ ትጀምራለች መንቀሳቀስ፤
አሥር... አሥራ ሁለት...
እኔም ጫማዬን አስሬ እነሣለሁ፣ ወደ እስጢፋኖስ።